ጾም ላይ ናት

የምሠራበት ቤት ቤይሩት፣ አሽራፊዬ ሰፈር ዳገቱ ላይ፣ ስድስተኛ ፎቅ ነው። መብራት ሲኖር በሊፍት፣ ሳይኖር በእግር። እውነቱን ለመናገር፣ በሁዳዴ መብራቱ ባይኖር እመርጥ ነበር። ጠዋት ከምኖርበት ከደክዋኔ በቫን መጥቼ ያን ሁሉ ደረጃ በባዶ ሆዴ ስወጣ ትንፋሼ ይቆራረጣል፤ አሠሪዬ ማዳሜም በሩን ስትከፍት «ምስኪን፣ ዛሬም አልበላሽም?» ትለኛለች። «ጾም ነው፣ ማዳም፤» እላለሁ ዓይኔን ሰበር አድርጌ። ይቺን ለማለት ነበር መሰለኝ ደረጃውን የምወጣው።

እንዲህ ስል ጾሜ የውሸት ነበር ማለቴ አይደለም። እውነት እጾም ነበር። እሑድ እሑድ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ከመዘምራኑ ፊት እቆማለሁ። አንገቴ ላይ ያለው መስቀል የድስት ክዳን ሊያክል ምንም አይቀረው። ልብስ ስተኩስ አዜማለሁ፣ መስታወት ስወለውል አዜማለሁ። ማዳሜ ለእንግዶቿ «የኔዋ ቅድስት ናት» ስትል ስሰማ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፤ ከመጀመሪያዋ አሠሪዬ ቤት ጠፍቼ ከወጣሁ ወዲህ በተመላላሽነት ነው የምሠራው። «ቅድስት» የሚለው ስም ከመታወቂያ በላይ ይጠብቀኛል ብዬ አምን ነበር።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንዲት የወሎ ልጅ ነበረች። እስላም ናት፤ ለአገሩ አዲስ ናት፤ ማዳሟ ስትወጣ ከውጭ ቆልፋባት ነው የምትሄደው። የሁለታችን ወጥ ቤት መስኮቶች የሚከፈቱት ወደ አንድ ጠባብ የአየር ማስገቢያ ስለሆነ፣ እኔ ሽንኩርት ስከትፍ እሷ ዕቃ ስታጥብ እናወራለን። ወደ ላይ ቀና ስትል ፊቷ ብቻ ነው የሚታየኝ፤ በየሳምንቱ እየቀጠነ የሚሄድ ፊት።

አንድ ቀን «እታለም፣ የተረፈ ነገር አይኖርሽም?» አለችኝ።

ነበረኝ። ማዳሜ ለምሳዬ ብላ የተወችልኝ ዶሮ ከነሩዙ ምድጃው ላይ ተቀምጧል። ጾመኛ መሆኔን ብታውቅም ማቅረቡን አትተውም፤ ለነገም ስለማታሳድረው ማታ የምደፋው እኔ ነኝ። ከታች ካለው ሱቅ ዳቦና ቲማቲም የምንጎትትበት ቅርጫትም ከነገመዱ አጠገቤ ተሰቅሏል። በመስኮቱ ቁልቁል መስደድ ምንም ሥራ አልነበረውም።

«ዶሮ ነው ያለኝ፤ የክርስቲያን ሥጋ ላንቺ አይሆንሽም፤» አልኳት።

አያችሁ ብልጠቴን! አገር ቤት ሠርግ ላይ ለእስላም እንግዳ ለብቻ ታርዶ ለብቻ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ያደግኩበት ነው። ያን ዶሮ ግን ማን እንዳረደው ማዳሜም አታውቅም፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሱፐርማርኬት የመጣ ነው። ሃይማኖቷን ያከበርኩላት መስዬ አፌን አሳመርኩ እንጂ የፈራሁት ሌላ ነው። የታችኛዋ ማዳም ብታይስ? «ማናት ይቺ ሠራተኛዬን የምታበላው?» ብላ ፖሊስ ብትጠራስ? ልጅቷ ትንሽ አሰብ አደረገችና «ሩዙስ?» አለች። «ከዶሮው ጋር ነው የተቀላቀለው፤» አልኳት። ዳቦ እንዳለን አልነገርኳትም።

የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። እኔ ግን አልጠገብኩም ነበር። ሆዴ እየጮኸ ነው ያን ቀን ምግቡን የደፋሁት።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተዋል። ልጅቷ ግን ጾሙን አልያዘችም። ራሷን እያዞራት ዕቃ ከእጇ ይወድቅ ነበር። «ሲሻለኝ ያለፈኝን ጾም እከፍለዋለሁ ወላሂ፤ አላህ ያውቃል፤» ብላ በመስኮት ነግራኛለች። ቀጥሎ ያለውን ያደረግኩት እንግዲህ ይህን እያወቅኩ ነው።

የታችኛዋ ማዳም ቡና ልትጠጣ እኛ ቤት መጣች። ስኒ ሳቀርብ ስለ ልጅቷ እያማረረች ነበር። ከፍሪጅ አይብ ትሰርቃለች፤ ሁልጊዜ ራበኝ ነው፤ ዳቦ ብሰጣት አይበቃትም። ማዳሜ ቅንድቧን ሰብሰብ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ በመስኮት ታወሪያት የለ? ያኒ፣ ማለቴ፣ እውነት እየራባት ነው?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። የጠየቀችኝ ማዳሜ ናት፤ የጠየቀችኝም ከልቧ ነው። የታችኛዋ ማዳም ስኒዋን እንደያዘች አየችኝ፤ ዓይኗ መጀመሪያ መስቀሌ ላይ አረፈ፣ ቀጥሎ ፊቴ ላይ። ወረቀት እንደሌለኝ ታውቃለች።

«ጾም ላይ ናት፣ ማዳም፤» አልኩ። «ረመዳን ነው፤ ቀን አይበሉም።»

የታችኛዋ ማዳም ጭኗን መታ አደረገችና «ይኸው! ለዚህ ነዋ!» አለች። የማዳሜም ግንባር ተፈታ። ከዚያ ሁለቱም ስለ እኛ አገር ሰዎች እምነት ብዙ ጥሩ ነገር ተነጋገሩ። እኔ ትሪውን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና እንደ ልማዴ መዝሙር ጀመርኩ። ድምፄ እንቢ አለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። እንቢ አላለኝም፤ እንዲያውም ጥሩ አድርጌ አዜምኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ፊቴን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው።

በማግስቱ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ታገኛት የነበረችው ዳቦ ቀረች። ለጾመኛ ቀን ምግብ አይሰጥማ! ማታም ቢሆን ከእራት የተረፈ ካለ ነው። በመስኮት ብቅ ብላ ይህን ከነገረችኝ በኋላ፣ «እታለም፣ ማዳሜን ጾም ላይ ናት ያላት ማን ይሆን?» አለችኝ። ቀስ ብላ፣ እያየችኝ ነው የጠየቀችኝ።

«እንጃ፤ ከቴሌቪዥን ሰምታ ይሆናል፤» አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«ይሆናላ፤» አለችና ፊቷን መለሰች።

ወደ ደክዋኔ ስመለስ ቫኑ ውስጥ «ዝም አይነቅዝም» እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ተረቱ ግን ለእኔ አልሆን አለ። እኔ መቼ ዝም አልኩ? ዝም ብልማ ኖሮ ልጅቷ ያቺን ዳቦዋን አታጣም ነበር።

እሑድ ሰባኪያችን «በየሥራ ቤታችሁ ክርስቲያን መሆናችሁ በምን ይታወቃል?» ብሎ ጠየቀን። እኔ በልቤ «በጾሜ!» ብዬ መለስኩ፤ ክፍል ውስጥ ቀድማ እጇን እንደምታወጣ ተማሪ። ወዲያው የልጅቷ ፊት መጣብኝ። በሁዳዴ ከበሮ ስለማይመታ ያለን ድምፃችን ብቻ ነው፤ መሪዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ለመዝሙር ስንነሳ ስንት ዓመት ያዜምኩት ግጥም ከአፌ ጠፋ። ሰዉ ሁሉ ይጠብቀኛል። አሞኛል ብዬ ከኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ። ተናደድኩ፤ በራሴ ነው የተናደድኩት፤ ትንሽ ትንሽ በሰባኪውም።

ሰኞ፣ ማዳሜ ልትወጣ ጫማዋን ስታጠልቅ ነገርኳት። «ያቺ ልጅ ጾም ላይ አይደለችም። ታማለች፤ ርቧታልም። ዋሽቼሻለሁ።»

አንድ እግሯ ባዶ እንደሆነ ቀጥ አለች። የምታባርረኝ መስሎኝ ቦርሳዬን በዓይኔ ፈለግኩ።

«ለምን?»

«ፈርቼ፣ ማዳም።»

«እኔን? እኔ እኮ የጠየቅኩሽ ልረዳት ፈልጌ ነው! በሳህን ምግብ ልልክላት ነበር። ጾም ላይ ናት ስትይ አመንኩሽ፤ ያኒ፣ ሌላ ሰው ቢለኝ አላምንም። አንቺ ስለምትጾሚ አመንኩሽ!»

ከዚያ በኋላ ያለችውን ብዙም አልሰማሁም። ያ ሁሉ ጾም፣ ያ ሁሉ ዜማ ያገለገለው ውሸቴን ነው። እንደ ሌላው ሰው በልቼ ጠጥቼ ብኖር ኖሮ ልጅቷ ሳህኗን ታገኝ ነበር።

«ኸላስ፣ በቃ፤ ያላ፣ እንሂድ፤» አለችኝ ማዳሜ፣ ከፍሪጅ ምግብ እያወጣች። «ሳህኑን እኔ እይዛለሁ። አፍሽን የምትከፍቺው ግን አንቺ ነሽ።»

ወረድን። የታችኛዋ ማዳም በሩን ስትከፍት ልጅቷ መጥረጊያ ይዛ ከኋላዋ ቆማለች። በዓረብኛ፣ ሴትየዋም ልጅቷም እንዲሰሙ አድርጌ ተናገርኩ፤ ታማ እንዳልጾመች፣ እንደሚርባት፣ ጾም ላይ ናት ያልኩት ውሸት እንደሆነ። ሴትየዋ ፊቷ ቀላ። «ወረቀት የሌለሽ አንቺ ደግሞ…» ብላ ጀመረች። ስፈራው የኖርኩት ቃል ይኸው መጣ፤ እኔም ቆሜ ሰማሁት፤ አልሞትኩም። ማዳሜ በመካከላችን አልፋ ሳህኑን ለልጅቷ ሰጠቻትና «ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ይመጣል» አለች። ሴትየዋ ጎረቤቷን ማስቀየም አልፈለገችምና የጀመረችውን ዋጠችው።

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ በመስኮት ብቅ አለች። እኔ ይቅርታ የምጠይቅበት ቃል ስፈልግ እሷ ቀደመችኝ።

«ማዳሜ ያኔውኑ ነግራኛለች እኮ። ላይ ቤት ያለችው ጾመኛዋ ናት ያለችኝ ብላ።»

«ታዲያ እያወቅሽ ነው ማን ይሆን ያልሽኝ?»

«ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነዋ። ስትጨነቂ ጊዜ ግን እንዳታፍሪ ብዬ ተውኩት፤» አለችኝ።