«ይቺን እባብ አይነካትም»

ትናንት ከሰዓት በኋላ እዚህ ሱዳን፣ ሳሃፋ ሰፈር ካለችው ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ ባሚያ ስቀነጥስ፣ የልጅ ልጄ ሩቅያ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችብኝ። ሱዳኖች ኒምስ፣ እኛ ሙጭልጭላ የምንለው አውሬ ከእባብ ጋር ተናንቋል። እባቡ ነደፈው፤ እሱ ግን ራሱን አራግፎ ተመልሶ ገባበት።

«ሀቦባ፣ ይሄ አይሞትም» አለችኝ። እዚህ አያት የሚጠራው እንዲያ ነው። በተሰባበረች አማርኛዋ እንዳስረዳችኝ፣ መርዙ የሚይዝበት ቦታ ሰውነቱ ውስጥ የለም፤ በማይገጥም ቁልፍ እንደማይከፈት ጓጉንቸር ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ንዴቴ። እኔም አንድ ሰሞን እንዲህ ያለ አውሬ ተደርጌ ነበርና።

ከወሎ ቆላ መጥቼ፣ እዚሁ ከተማ ሪያድ በሚባለው ሰፈር ቤት ሠራተኛ ሆኜ ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እመቤቲቱ ሀጃ ነፊሳ የእጄን ጠባሳ አይታ ምንድን ነው አለችኝ። አባቴ በልጅነቴ ለእባብ ያስከተበኝ ነው። በእኛ አገር አዋቂ እጅን በምላጭ ጫር ጫር አድርጎ ሥር ያሽበታል፤ የተከተበን ሰው እባብ አይደፍረውም ይባላል። ይህንኑ ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት። እውነቱን ለመናገር እኔም ግማሽ በግማሽ አምን ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእንግዶቿ ሻይ ባቀረብኩ ቁጥር እጄን ይዛ «ይቺን እባብ አይነካትም» እያለች ታሳያለች፤ እኔ ሞኟም እሽኮረመማለሁ። ጉራ የማያመጣው ጣጣ የለም።

ክረምት ገባ፣ አባይ ሞላ፣ ግቢው ጭቃ በጭቃ ሆነ። አንድ ጠዋት ሀጃ የምትሳሳላቸው ርግቦች ቤት ሥር እባብ ገባ። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ራቅ ብሎ ቆመ። ሹፌሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሀጃ እኔን ጠራች።

«ያላ ዘይነባ፣ እጅሽን ሰደድ አድርገሽ አውጪው። አንቺን አይነካሽም።»

ተንበርክኬ እጄን እስከ ክርኔ ሰደድኩ። የርግብ ኩስ ሽታ አፈነኝ። ከውስጥ አሸዋ ቆርቆሮ ላይ ሲፈስ የሚመስል ድምፅ መጣ። ጠባሳዬን አሰብኳት፤ የስንዴ ፍሬ አታህልም። አባቴም ትዝ አለኝ። እሱም የተከተበ ነበር፤ እባብ ሲያይ ግን ድንጋይ ያነሣል እንጂ እጁን አይሰድም።

እጄን አውጥቼ ተነሣሁ። ሀጃ «እምቢ ካልሽ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ» አለችኝ። ሱዳን ውስጥ ከእሷ ቤት ሌላ ማደሪያ አልነበረኝም።

«ያ ሀጃ፣ ይነካኛል» አልኳት። «ብነደፍ እሞታለሁ። እንደ ማንኛችሁም እሞታለሁ።»

ልብሴን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ሱቅ ዐረቢ እስከሚባለው ገበያ ጭቃውን እያቦካሁ በእግሬ ሄድኩ። እዚያ ሚኒባሶቹ አጠገብ ቆሜ የበላሁትን ትኩስ የባቄላ ፎል የሚያህል ምግብ እስከ ዛሬ አልቀመስኩም። እባቡን ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ማወቅም አልፈለግሁ።

ዛሬም የሱቅ ደንበኞቼ «እናንተ ሐበሾች ብርቱ ናችሁ፣ ምንም አይነካችሁም» ይሉኛል። ምስጋና መሆኑ ነው። እኔ ግን እንዲህ የሚል ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚያዝዝ አውቃለሁ። ኒምስ ታድሎ ተፈጥሯል፤ እኔ አልታደልኩም፣ አላፍርበትምም።

ሩቅያ ጠባሳዬን በጣቷ ነክታ፣ «አንቺንስ እባብ አይነካሽም?» አለችኝ።

«ይነካኛል» አልኳት። «አንቺንም ይነካሻል። አይነካሽም የሚልሽ ሰው ቢመጣ፣ መጀመሪያ የራሱን እጅ ይስደድ።»