ራጅ አንሺው ለምን ይደበቃል?

በሆሳዕና ከተማ ሆስፒታል ራጅ አንሺ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ አቶ ሀብቴ ከነጭ ጋውን ጋር ደረት ላይ የምትሰካ ትንሽ ባጅ ሰጡኝ። ባጇ ሠራተኛው ያገኘውን ጨረር ትለካለች፤ በየጊዜው አዲስ አበባ እየተላከች ትነበባለች። «ከሥራ ስትወጣ እዚሁ ሰቅለሃት ሂድ» ብለውኝ ነበር። እኔ እንደሰካኋት ገበያ ወጣሁ። የሆሳዕና ድንች ሻጮች የሚዛን ተቆጣጣሪ መስያቸው ያለወትሮው ሞልተው መዘኑልኝ። በማግስቱ አቶ ሀብቴ ወሬው ደርሷቸው «ድንቹ ጨረር ነበረው?» ብለው ሠራተኛ ሁሉ እስኪሰማ ተቆጡኝ።

ያኔ ራጅ መነሳት ለብዙ ሰው ፎቶ ቤት እንደመሄድ ነበር። ከሾኔ የመጡ አንድ አባት ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ከራቫት አስረው መጡ። ከወገብ በላይ ያውልቁ ስላቸው ቅር አላቸው። ፊልሙን ሲያዩት ደግሞ ባሰባቸው።

«ፊቴ የታለ?»

«የተነሱት ደረትዎን ነው አባቴ።»

«ታዲያ ይህን ከራቫት ማን እሰር አለኝ?»

እኔ አላልኩም። ቢሆንም ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

አሁን ወደ ቴሌቪዥኑ ጉዳይ ልምጣ። ጡረታዬ ሲቃረብ ተራ መጠበቂያው ውስጥ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ሪሞቱ በጥበቃው በላምቤቦ እጅ ወደቀ። ላምቤቦ እንግሊዝኛ ይችላል፤ የማይችለውን ደግሞ ከራሱ ይሞላል። አንድ ጧት ስለ ኑክሌር ቦምብ ሙከራ የሚያወራ ፕሮግራም አግኝቶ ለበሽተኞቹ ቆሞ ይተረጉም ጀመር። ትልቅ የጅብ ጥላ የመሰለ ደመና ከባሕር ላይ ተነሳ። ቀጥሎ አንገታቸው በቀዶ ሕክምና የተሰፋ ሰዎች ታዩ።

«ይኸ እንቅርት ከቦምቡ ነው» አለ ላምቤቦ።

ከሕዝቡ ግማሹ አንገቱን ዳበሰ። በእኛ አገር እንቅርት የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቢጫ ምልክት መጣ፤ ሦስት ጥቁር ክንፍ ያለው፣ የጨረር ማስጠንቀቂያ። ላምቤቦ ቴሌቪዥኑን አየ፤ ዞሮ የእኔን በር አየ። በሬ ላይ ያው ምልክት ተለጥፏል።

«ይኸው እዚህም አለ» አለ።

ከክፍሌ ብቅ ስል ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። እግሩን ተሰብሮ የመጣ አንድ ወጣት ሳይቀር ሄዷል። በምን እንደሄደ እስከዛሬ ይገርመኛል።

የቀሩት ወይዘሮ አመነች ብቻ ነበሩ፤ ከጃጁራ የመጡ ሴትዮ። የቀሩት አምነውኝ አይደለም። እንቅርታቸው የአየር ቧንቧቸውን ተጭኖት ትንፋሻቸው ያፏጫል፤ መሮጥ አይችሉም። በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ተይዞላቸዋል። ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርገው ዶክተር ደግሞ ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይሄዳል። «ቧንቧው ወዴት እንደተገፋ በራጅ ካላየሁ ቢላዋ አላነሳም» ብሏል።

«ይግቡ እናቴ» አልኳቸው።

«አልገባም። ትንፋሼ ሲመለስ እሄዳለሁ።»

የነበረኝ ጊዜ የሴትዮዋ ትንፋሽ እስኪመለስ ድረስ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ደንግጫለሁ፤ ያ ፉጨት ሌላ ዓመት የሚያቆያቸው አይመስለኝም ነበር።

«እንቅርቴ ከቦምቡ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም። ቦምቡን የሞከሩት ሩቅ ነው፤ በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች፣ በካዛክስታን፣ በሰሃራ በረሃ። መርዘኛ አዮዲን ከሰማይ ሳር ላይ ወረደ፣ ላም ጋጠችው፣ ልጆች ወተቱን ጠጡ፣ አንገታቸው ላይ ተጠራቀመ። ካንሰር የያዛቸው አሉ። የእርስዎ ደግሞ ደህናው አዮዲን ከምግብ ስለጎደለ ነው።»

«ለእኛ ደህናው ጎደለ፣ ለእነሱ መጥፎው ዘነበ?»

«እንደዚያ ነው።»

«ልጆቹ አያውቁም ነበር?»

«አንዱ ደሴት ላይ ነጭ አመድ ሲዘንብባቸው ተጫወቱበት። የነገራቸው የለም።»

ፉጨቱ እየቀነሰ ነው፤ ለእኔ መጥፎ ምልክት ነው።

«አሁንም በሰማይ ያፈነዱታል?»

«በኋላ መሬት ውስጥ መቅበር ጀመሩ።»

እዚህ ላይ ፊታቸው በራ። ከእንሰት የሚሠራውን ቆጮ እንዲቦካ ጉድጓድ ሲቀብሩ የኖሩ ሰው ናቸው። «በምን ሸፈኑት?»

«በአፈር፣ በሲሚንቶ።»

«የእንሰት ቅጠል ሳይደርቡ? ይተነፍሳል!»

«አንዳንዴ ተንፍሷል» አልኩ፤ እውነቴን ነው።

«እኔን አይጠይቁም!» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ሳል አመጣ፣ ፉጨቱም ተመለሰ። በሰው ሳል ደስ ብሎኝ የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ላምቤቦ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ መጣ። «እናቴ፣ ይግቡ እንጂ፤ ምንም ጉዳት የለውም» አላቸው።

«ጉዳት ከሌለው እሱ ለምንድነው ከግድግዳው ጀርባ የሚደበቀው?» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። «ባለፈው ልጄን ስታነሳ አይቻለሁ። ‹አትንቀሳቀስ› አልክና ሮጥክ።»

አልሮጥኩም፤ ፈጠን ብዬ ነው የሄድኩት። ግን ትክክል ጠይቀዋል። የእርሳስ ሽፋን ያለውን ግድግዳና ባጄን አሳየኋቸው።

«ጭራሽ ጉዳት የለውም ማለት ልክ አይደለም። ለእርስዎ ትንሽ ነው፣ ለአፍታ ነው፤ እንቅርቱን ሳይታከሙ ከመሄድ ጉዳት በጣም ያነሰ ነው። እኔ ግን ሰውን ሁሉ ሳነሳ ነው የምውለው። በየጊዜው አጠገባችሁ ብቆም ትንሽ ትንሹ በእኔ ላይ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው የምደበቀው።»

ባጄን ትኩር ብለው አዩዋት።

«ዕድሜህን ሙሉ እዚህ ነህ?»

«አዎ።»

«ውይ፣ ሚስኪን» አሉና ተነሱ። «በል ሂድ፣ ተደበቅ። ልጆች አሉህ። ይህን ጧት ብትለኝ እኮ ጨርሼ ቤቴ ነበርኩ።»

አነሳኋቸው፤ ቧንቧው ወደ ግራ ተጣሞ ነበር። ዶክተሩ ፊልሙን አይቶ በማግስቱ ቀዶ ሕክምናውን አደረገ። ወይዘሮ አመነች ከወራት በኋላ ያለ ፉጨት፣ በሚያምር ድምፅ እየተጣሩ ሆስፒታላችን ግቢ ገቡ፤ ለላምቤቦ ነቀፌታ፣ ለእኔ ቆጮና ቅቤ ይዘው። ደስታው አስለቀሰኝ፤ በቅቤው ሽታ አሳበብኩ።

ጃጁራ ገበያ ላይ ደግሞ ስለ እኔ ብዙ አውርተው ኖሯል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የጃጁራ በሽተኛ ከመነሳቱ በፊት «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅህ» ይለኝ ነበር። አንዱ ጎድኑ ተሰብሮ እያቃሰተ «አንተ ቶሎ ተደበቅ» ብሎኛል።

ለአዳዲሶቹ ራጅ አንሺዎች የምለው ይህን ነው። ቦምቡን የሞከሩት ሰዎች ራቅ ብለው ቆሙ፤ ለምን እንደራቁ ግን አመዱ ለሚዘንብባቸው አልተናገሩም። እናንተ ከግድግዳው ጀርባ ከመሄዳችሁ በፊት ለምን እንደምትሄዱ ለበሽተኛው ንገሩት።