ለታማሚው የተላከ ዳቦ

ከባኮ የተነሳሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። ለባለቤቴ ለጫልቱ «አምቦ የተኛ ጓደኛዬን ልጠይቅ ነው» አልኳት። የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ እንዲያም ሆኖ ታማሚ በባዶ እጅ አይጠየቅም ብላ ድፎ ዳቦ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። የተኛ ጓደኛ የለኝም። ሽንቱን በሸና ቁጥር የሚያቃጥለው እኔው ነኝ። ነቀምት በቆሎ ልሸጥ ሄጄ ያጠፋሁትን አውቃለሁ። ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ የዋጥኩት ክኒን ለሳምንት አስታገሰኝና መልሶ አገረሸብኝ። ለእሷና ለፅንሱ ተላልፎ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ባኮ እንዳልመረመር ደግሞ ከጤና ጣቢያው ዘበኛ እስከ ካርድ ክፍሉ የማያውቀኝ የለም።

ጌዶ

የባኮ ሙቀት ቀርቶ ጌዶ በጉም ተቀበለን። እዚያ የተሳፈሩት የድሮ ደንበኛዬ ኦቦ ገመዳ አጠገቤ ተቀመጡ፤ ወዴት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ ያንኑ ውሸት ደገምኩት። ዳቦውን አይተው «ዋቅኒ ሃ ፈይሱ፣ እግዜር ይማረው» አሉ። እስከ ጉደር ድልድይ ለሌለ ሰው ሲጸልዩ እኔ በሐፍረት ወደ ጤፉ ማሳ ዞሬ ቀረሁ።

አምቦ፣ አራት ሰዓት

ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ሲስተር ጉዴን ስዘረዝርላት አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ከሚወጣኝ ፈሳሽም ከደሜም ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲደርስ መልሳ ጠራችኝ።

«ኤችአይቪም ቂጥኝም የለብህም፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን ትደግመዋለህ። የያዘህ ጨብጥ ነው፣ ይድናል» አለችኝ።

ተመስገን! ልስማት ምንም አልቀረኝም። መርፌ ወግታኝ የሰጠችኝን ክኒን በባዶ ሆድ እንዳልወስድ አስጠነቀቀችኝ። «ባለቤትህንም ይዘሃት ና። ለእርጉዝ የሚሆን መድኃኒት አለ። እሷ ካልታከመች አንተም መልሶ ይይዝሃል» አለች።

ውጭ ጥድ ሥር ተቀምጬ የታማሚውን ዳቦ ቆረስኩ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበርና ግማሹን ጨረስኩት።

ባኮ፣ አመሻሽ

ጫልቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ታማሚው እንዴት ነው? ቀመሰልኝ?»

በመንገዱ ሁሉ ሌላ ውሸት ሳዘጋጅ ነበር የመጣሁት። ፊቷን ሳየው ጠፋኝ።

«ቀምሷል። ታማሚው እኔ ነኝ» አልኳት፤ የነቀምቱን ጥፋቴንም የሲስተሯን ቃልም አልደበቅኳትም።

አለቀሰች። አልፈርድባትም። በመጨረሻ ተነስታ ፌስታሉን ፈታች፤ የተረፈውን ዳቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችና «ነገ ለመንገድ ይሆነናል» አለች።