ሦስት የወለደች ሴት

ጋዜጦች የጤና ዓምዳቸውን በአንድ ምክር መዝጋት ይወዳሉ፦ «ሐኪምዎን ይጠይቁ»። ይህን የሚጽፈው ሰው ታሞ የሚያውቀው ብቻውን መሆን አለበት። ሶዶ ውስጥ ብቻውን የሚታመም ሰው አላየሁም። ታማሚ ከፊት፣ ቤተ ዘመድ ከጎን፣ የጸሎት ኅብረቱ ከኋላ ሆኖ ነው ሐኪም ቤት የሚገባው፤ ሐኪሙም የሚያወራው በዕድሜ ከሚበልጠው ጋር ነው። እኔ ጋ የሚበልጡት የባለቤቴ ታላቅ እህት ነበሩ። እትዬ እላቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በደም ነጠብጣብ ነው። ኢሕአዴግ ከገባ ዓመታት አልፈው፣ እኛ መምህራን ግምገማ እየተቀመጥን እርስ በርስ ስንነቃቀፍ የምንውልበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ከስብሰባ ገብቼ ልብሴን ስቀይር የውስጥ ልብሴ በቀኝ ጡቴ ጫፍ ልክ ዝገት የመሰለ ነገር ነክቶት አገኘሁ። አያምም፤ ሲዳሰስም ዕጢ የለውም። በግምገማው ላይ ቆሜ የርዕሰ መምህሩን ድክመት አንድ በአንድ የዘረዘርኩ ሴት፣ ይህን ለባለቤቴ እስክነግረው ድረስ ሳምንታት አለፉ።

ባለቤቴ አረካ ከተማ ያስተምራል። ሲያገባኝ ሚስቱ ሞታበት ሦስት ልጆች ይዞ ነበር። እኔ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ሲሸጡ ካረጁ ሰዎች የተወለድኩ፣ መጽሐፍ ሳገላብጥ ዕድሜዬ ሠላሳን ያለፈ ሴት ነበርኩ። ልጆቹ በገባሁ በወሩ «እማዬ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡም የቤተ ክርስቲያኑም ሰው «ልጆችሽ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ወጥቶት አያውቅም። የወለድኳቸው እኔ አለመሆኔን የማያውቅ አልነበረም፤ የሚናገረው ግን የለም። ከወግ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ለወግ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ለዚህ ግን ሰጠሁ።

አረግዛለሁ ብለን የራሴን ልጅ ደግሞ እየጠበቅን ነበር። ይህን ከእኔና ከባለቤቴ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። በዕድሜዬ ላይ አስተያየት የሚሰጥ ሰው መቼም አይጠፋ፤ ስለዚህ ለማንም አልነገርንም።

ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የተመደበ ወጣት ነው። ትሑት፣ ታካሚው እስኪረዳ ወረቀት ላይ እየሣለ የሚያስረዳ ዓይነት። ሙቀት ስለነበር በሩ ክፍት ነው፤ ቤት የሚጠብቃቸው ስላልነበረ ይዘናቸው የመጡት ልጆች በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይገፋፋሉ። ሐኪሙ ጡት ሣለና ከጫፉ ወደ ውስጥ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ጨመረበት። የወተት ቱቦዎች ናቸው አለ። ደሙ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በአንደኛው ቱቦ ውስጥ ከበቀለች ትንሽ ነገር እንደሆነ፣ ብዙ ጊዜ ክፉ እንዳልሆነች፣ ነገር ግን ተቆርጣ ሳትመረመር መተው እንደማይገባት ነገረን። ከዚያ ወደ እትዬ ዞረና ስንት ልጅ እንዳለኝ ጠየቃቸው።

«ሦስት፤ ጌታ ይመስገን» አሉ እትዬ። «አድገውላታል።»

«እንግዲያው አንዷን ቱቦ ብቻ ከመፈለግ ከጫፉ ጀርባ ያሉትን በሙሉ ብናወጣቸው ይሻላል። ሌላ ጊዜ አያስቸግራትም።»

እትዬ እኔን አዩኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። በዚያች ሰዓት የምሰማው ሐኪሙ ያልጠራውን አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ካንሰር። ስለ ወተት ያሰበ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ሐኪሙም ቢሆን ወልዳ ለጨረሰች ሴት ስለ ወተት የሚያወራበት ምክንያት አልታየውም።

ቀዶ ጥገናው ራሱ ከስሙ ያነሰ ነገር ነው። ሳልበላ ሄድኩ፣ በማደንዘዣ ተኛሁ፣ ስነቃ አለቀ። የተቆረጠው በጫፉ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ ክብ ጠርዝ ላይ ነው፤ ዛሬ ፈልጎ ካልሆነ በቀር ጠባሳውን የሚያገኘው የለም። ጡቴ በልዞ ቆየ። ቀንም ሌሊትም ጠበቅ ያለ ጡት ማስያዣ እንዳደርግ፣ ጀሪካን እንዳላነሣ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ከያዘ፣ ትኩሳትም ከመጣ ሳልውል ሳላድር እንድመለስ ነገሩኝ። ያልነገሩኝ የጡቱ ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ እንደሚሰረጉድና የሌላ ሰው አካል ይመስል እንደሚደነዝዝ ነው። አንዳንዷ ላይ ስሜቱ ይመለሳል አሉ። እኔ ላይ አልተመለሰም።

ናሙናው አዲስ አበባ ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ የጸሎት ኅብረቱ እህቶች ቤቴን ሞሉት። ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው እያመጡ፣ ከዲምቱ ከተማ ጀምሮ በካንሰር የሞተን ሰው ሁሉ እያስታወሱ አጽናኑኝ። አንዷ ድንገት ብጠራ ቶሎ ንስሐ እንድገባ መከረችኝ። እስካሁን መኖሬን ይቅር ያለችኝ አይመስለኝም።

ውጤቱ ደህና ሆነ። ክፉ ነገር አልተገኘም። እትዬ ከክፍሉ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ላገኙት ሁሉ ምስጋናቸውን ማሰማት ጀመሩ። እኔ ቀረት አልኩና ለማርገዝ ምን ያህል ጊዜ መቆየት እንዳለብኝ ጠየቅሁ።

ሐኪሙ ቀና አለ። «አራተኛ ልትወልጂ አስበሻል?»

«አንደኛ።»

«ሦስት አላት አልተባለም እንዴ?»

«አሉኝ። የወለድኳቸው ግን እኔ አይደለሁም።»

ከወንበሩ ተነሣ። ከዚያ በሩን ዘጋው። ቀድሞ አውቆ ቢሆን ኖሮ አንዷን ቱቦ ብቻ ማውጣት ይሞከር እንደነበር፣ ያን ጊዜ ጡቱ ወተት የመስጠት ተስፋ እንደሚኖረው፣ አሁን ግን ወተቱ ቢሠራም መውጫ እንደማያገኝ ነገረኝ። ሌላው ጡት ደህና ስለሆነ ለአንድ ሕፃን ይበቃል አለ። እውነቱን ነው፤ ይበቃል። ሰው ካጣው ነገር የቀረው እንደሚበቃው የሚነገረውን ያህል የሚያናድደኝ ነገር ግን የለም። ማንን እንደምወቅስ ፈለግሁ። እርሱ ጠይቋል። እትዬ የመለሱት አንድ ጨዋ ሰው የሚመልሰውን ነው። ጠብ የምፈልግበት ቦታ አጣሁ፤ ይህ ደግሞ ለእንደኔ ዓይነት ሰው ከባድ ነው።

ልጄ ቆይቶ ተወለደ። የሚያርሱኝ እትዬ ነበሩ። ወተቱ በሁለቱም ጡቶቼ ወረደ። ግራው ፈሰሰ፤ ቀኙ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ሕፃኑ ጫፉን ይዞ ይስባል፣ ይለቃል፣ ፊቱ ቀልቶ ያለቅሳል። እትዬ በቀኙ ጡት የክፉ መንፈስ ተንኮል እንደገባ ቆጥረው እህቶቹን ሰበሰቡ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው ወተቱ እንዲለቀቅ ጸለዩ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የሐኪሙን ሥዕል እያሰብኩ ነበር። እህቶቹ በማግስቱም ለመምጣት ተቃጥረው ሄዱ።

ለእትዬ ላለመናገር ወስኜ ነበር። ሆኖም ደረታቸው ላይ እጃቸውን አድርገው «ነገ ጾም እይዛለሁ» ሲሉኝ፣ ለሌለ ነገር እንዲራቡ መተው አልቻልኩም።

«እትዬ፣ አይጹሙ። ቱቦው የለም። ያኔ ነው የወጣው።»

«ሐኪሙ? ሳይጠይቅ?»

«ጠይቆ ነበር።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። ለጠጠረው ጡቴ ሳህን ውስጥ የነከሩትን ቀዝቃዛ ጨርቅ አንሥተው ጨመቁት፤ ጡቴ ላይ አላደረጉትም። ከጓሮ የሦስቱ ልጆች ጭቅጭቅ ይሰማል፤ ትልቋ ታናሿን «ለእማዬ እነግራለሁ» እያለች ታስፈራራታለች።

«ልጆቹ በር ላይ ተቀምጠው ነበራ» አሉ እትዬ። «እየሰሙ ምን ልበል?»

እኔም ብሆን ያንኑ እመልስ ነበር። አንዲት ሴት ምክር ብትጠይቀኝ ጥያቄው ሲመጣ ልጅ አላት ወይ ሳይሆን ወደፊት ታጠባለች ወይ ተብሎ እንዲጠየቅላት፣ በሩም እንዲዘጋ እነግራታለሁ። ያኔ ይህን የሚነግረኝ አልነበረም። እትዬ ሕፃኑን ከቀኜ አንሥተው ወደ ግራ አዞሩት፤ ጨርቁንም እንደገና ውኃ ውስጥ ነከሩት።