ሽማግሌዎቹ የመሸባቸው እሑድ

በሆሳዕና ከተማ ዝርፊያው ምን ያህል እንደከፋ ለማወቅ የአባይነሽን የብረት በር መሥሪያ ቤት ማየት ይበቃል። ባሏ በሕይወት ሳለ ሰው በር ሲያዝ የሚከራከረው ስለ ጌጡ ነበር፤ አበባ ይኑረው፣ ቀለሙ ወርቃማ ይሁን ነበር ወሬው። አሁን ጌጥ የሚያነሳ የለም። መቀርቀሪያው ሁለት ይሁን፣ ከላይ የሾለ ብረት ይበየድበት ነው። ከሞርሲቶ የመጣ አንድ ባለሱቅ በራሱና በደንበኞቹ መካከል የሚቆም ፍርግርግ አሠራ፤ ስኳር የምታሳልፍ ቀዳዳ ብቻ ተተወችለት። ስታስረክበው «ይኸው፣ ራስህን አሳሰርክ» አለችው። ሰውዬው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ብየዳ ያስተማራት ባሏ ነው። ሴት ስትበይድ ለማየት የሚሰበሰበውን ሰው «ማየት በነጻ ነው፤ ዓይናችሁ ሲያብጥ ግን እኔ ጋ እንዳትመጡ» ትል ነበር። ባሏ ሲሞት መሥሪያ ቤቱን ትሸጠዋለች ተብሎ ሲጠበቅ፣ እሷ ፍሬው የሚባል በያጅ ከሀደሮ አስመጥታ ቀጠረች። ፍሬው የበየደው መጋጠሚያ መሞረድ አያስፈልገውም ነበር።

ሚያዝያ ላይ፣ ጀምበር ገባ እንዳለች፣ ሁለት ወጣቶች መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ የፍሬውን ስልክ ሊነጥቁት ከኋላው መጡ። አልሰጥም ብሎ ታገለ። አንዱ ክንዱን በጩቤ ወጋው። አባይነሽ በሩን እየቆለፈች ነበርና ዞር ስትል ከወጊው ጋር ፊት ለፊት ተያየች፤ ራሷ የሰቀለችው አምፖል ፊቱ ላይ ይበራ ነበር። ልጁ በሳምንቱ ተያዘ። ፍሬው ዳነ፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ግን አልጨብጥ አሉ። በያጅ ካልጨበጠ በያጅ አይደለም።

ያንኑ ልጅ ሽማግሌ ከዚህ በፊትም አስታርቆታል፤ አንዴ ከአንድ የባጃጅ ሹፌር ጋር፣ አንዴ ከስልክ ሻጭ ጋር። አሁንም የፍሬው አባት ተለምነው ይቅር ብለዋል። ፍሬው ራሱ ወጊውን አላየውም። የቀረችው ምስክር አባይነሽ ናት። እሷ ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርባ ካልመሰከረች መዝገቡ እንደሚዘጋ ዐቃቤ ሕጉ ነግሯታል።

እሑድ እሷ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ሁለት ሽማግሌዎች ቤቷ መጡ። አንዱ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ሲላስ፣ ሌላው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ሃጂ ናስረዲን ናቸው። የመጡበትን ታውቀዋለች። ቢሆንም እንግዳ ነውና አተካና ሠርታ፣ ቡላውን በቅቤና በወተት አርሳ አቀረበች። አልነኩትም። የአገሩ ወግ ነው፤ ሽማግሌ የለመነውን ሳያገኝ የቀረበለትን አይቀምስም፣ መልስ ሳይሰማም አይነሳም። በዚህ ወግ ብዙ ሰው ተረትቷል። ሽማግሌን ጦሙን የመለሰን ሰው እድሩም ገበያውም ፊት ይነሳዋልና።

ጋሽ ሲላስ ልጁ እናት እንዳለው፣ እስር ቤት ደግሞ ይብስ እንደሚያበላሸው ተናገሩ። ሃጂ ጨምረው፣ ዋሺ አላልንሽም፣ መሽቶ ነበር፣ በደንብ አልለየሁትም ማለት ይበቃል አሏት።

አባይነሽ እሺም እምቢም አላለችም። «እስቲ ላስብበት» ብላ ከቤቷ ጎን ወዳለው መሥሪያ ቤቷ ገባችና ለሐቢቾ ትምህርት ቤት የታዘዘውን መስኮት መሞረድ ጀመረች። ቆይታ ተመለሰች፤ ተቀምጠዋል። አሁንም እያሰበች እንደሆነ ነገረቻቸው። ልመናው እንደገና ተጀመረ። አተካናው ቀዘቀዘ፣ ቅቤው ረጋ። ያለ መልስ መነሳት ነውር ነውና ሁለቱም ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም።

ጥላው ሲረዝም ሃጂ ሰዓታቸውን ደጋግመው ማየት ጀመሩ። ጋሽ ሲላስ ለሚያውቁት ባለባጃጅ ደወሉ። ሹፌሩ ሲመሽ በድልድዩ በኩል ወደ ሰፈራቸው ጎፈር ሜዳ እንደማይሄድ በትሕትና ነገራቸው።

«አባይነሽ ልጄ፣ ድልድዩ ጋ ሳይጨልም እንለፍ» አሉ ጋሽ ሲላስ።

«ድልድዩ ጋ ምን አለ?»

«ታውቂው የለ።»

«እኔማ አውቃለሁ። እርስዎ ግን ምን ያስፈራዎታል ጋሼ? ሁሉንም አስታርቃችኋል እኮ። ድልድዩ ላይ የሚቆሙት የእናንተው ታራቂዎች አይደሉም?»

ሃጂ ሳል ያዛቸው።

«አስቤ ጨርሻለሁ» አለች። «ፊቱን አይቻለሁ፤ ያየሁትን እናገራለሁ። የሚያኮርፍ ያኩርፍ። አሁን አተካናውን ላሙቅላችሁ ወይስ ልሸኛችሁ?»

ሁለቱም አተካናውን ሳይቀምሱ ተነሱ። አባይነሽ ከመሥሪያ ቤቷ አንድ ቁራጭ ፌሮ አንስታ መሐል መንገዱን ይዛ ከፊት ሄደች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተከተሏት። ድልድዩ ላይ ሦስት ጎረምሶች ቆመዋል፤ ፌሮውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ወደ ጎን አሉ። ሃጂ ቤታቸው ገቡ። ጋሽ ሲላስ በራቸውን አንኳኩ፤ ባለቤታቸው ማነው፣ ማነው እያሉ ሲያረጋግጡ ቆዩ። ከዚያ አንዱ መቀርቀሪያ ተከፈተ፣ ቀጥሎም ሌላው። አባይነሽ ድምፁን ታውቀዋለች። በሩን የሠራችው እሷ ናት።

«ሦስተኛ መቀርቀሪያ ካስፈለገዎት ይምጡ ጋሼ» አለች። «ነገ ግን ከሰዓት ይሁን። ጠዋት ፍርድ ቤት ነኝ።»

በሩ ከኋላዋ ሁለቴ ሲቆለፍ እየሰማች በመጣችበት መንገድ፣ በድልድዩ ላይ ተመለሰች። ሰኞ ከዳኛው ፊት ቆማ፣ ልጁን በጣቷ አሳየች።