ሐሙስ ዕለት እናቴ ምን አለች?

እሑድ ማለዳ ለቅዳሴ ልወጣ በሩን ስከፍት፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴና የጎፋው የአጎቴ ልጅ ደረጃው ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው የእድራችን ሴቶች አሉ። ጎረቤቴ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል፤ ጥለቱ ትከሻቸው ላይ ነው። አየሁት።

“ግቢና ቁጭ በይ ልጄ” አሉኝ።

“ቅዳሴው ይረፍድብኛል።”

“ዛሬ ይቅርብሽ።”

ቁጭ አልኩ። እናቴ ሐሙስ ዕለት ጎጃም አርፋ፣ ዓርብ ተቀብራ ኖሯል። መንገዱ ስለማያስተማምን፣ ሰምቼ እንዳልነሳ ብሎ ወንድሜ በስልክ እንዳትነግሯት ብሏቸው ነበር። ሴቶቹ ገብተው አለቀሱ። እኔ ጫማዬን ፈትቼ አልጋ ሥር አስተካክዬ አስቀመጥኩ። እንባ አልመጣም። እስካሁንም አልመጣም።

ሳላውቅ በዋልኩባቸው በእነዚያ ቀናት፣ ከጀሞ ሥራ ስመላለስ ታክሲ ውስጥ የማነበው የአንድ ታዋቂ ልብ ወለድ ጸሐፊ የሕይወት ትዝታ ነበር። ያዋሰችኝ የቢሮ ጓደኛዬ ናት፤ መጻፍ እንደምመኝ የምታውቀው እሷ ብቻ ነች። ሰውየው «አዘንኩ» የሚለውን ቃል እየሰረዘ፣ በቦታው እጁ የነካውን ዕቃ እንደሚጽፍ ይናገራል። ይህችን ደብተሬ ላይ ገልብጫታለሁ። ሐሙስ ሳይሆን አይቀርም።

አርባዋ ካለፈ በኋላ ስለ እናቴ ለመጻፍ ሞከርኩ። ጫማውን ጻፍኩ፤ እሱ ቀላል ነበር። ቀጥዬ እናቴ ስሜን እየጠራች እንዳረፈች ጻፍኩ። ጓደኛዬ አንብባ ዓይኗን ጠረገች። ቆይታ ግን፣ “ማን ነገረሽ?” አለችኝ።

ማንም አልነገረኝም። ያምራል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ወደ መጽሐፉ ተመለስኩ። ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ፣ አባቱ ያላሉትን ኑዛዜ በልብ ወለዱ እንዳስገባ፣ አንባቢው ሁሉ እንደወደደለት፣ ዛሬ ግን አባቱ በእውነት ያሉትን ለማስታወስ ቢሞክር እንዳቃተው ያወራል። መጀመሪያ ሳነበው ይህን ገጽ ቶሎ ነው ያለፍኩት።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። የሞተ ሰው ያላለውን ብሏል ብሎ መጻፍ ውሸት ነው ወይ ስላቸው፣ ስለ ድርሰት አንድም ነገር እንደማያውቁ ነግረውኝ ትንሽ ፈገግ አሉ።

“የነበሩት ሰዎች እኮ በሕይወት አሉ። ለምን አትጠይቂያቸውም?”

ያልጠየቅኩት ፈርቼ ነው። ስሜን ካልጠራችስ?

መስመሩን ሰርዤዋለሁ። ቦታው ባዶ ነው። ሐሙስ ዕለት እዚያ ቤት የነበራችሁ፣ ወንድሜም፣ አጠገቧ የነበርሽው የጎጃሟ ጎረቤታችንም፣ ይህን ስታነቡ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። እኔን ያጽናናል ያላችሁትን አትምረጡልኝ። በየትኛው ጎኗ ተኝታ እንደነበር፣ እጇ ምን ይዞ እንደነበር፣ ምን እንዳለች ንገሩኝ። ካልጠራችኝም አልጠራችሽም በሉኝ፤ እንደዚያው አድርጌ እጽፈዋለሁ።