ጫጩቶቹ ያስመለሱት

ጥቁሮቹ ዓሣ በል ወፎች ተከዜ ግድብ ላይ ከበዙ ወዲህ የወንድሜ መረብ ባዶውን ይወጣ ጀመር። ቤታችን የሚኖረው በዚያ መረብ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ ይገደሉ፣ አይገደሉ እያለ ተጨቃጨቀ። የደብሩ ቄስ፣ «እኛ ስንጾም እነሱ ዓሣ ስለሚበሉ ቀናችሁ?» ብለው ሰዉን አሳቁብን። እኔም፣ «አባ፣ እርስዎ መረብ የለዎትም» አልኳቸው። ነገሩ ሳይወሰን ሰዉ ተበተነ።

በማግስቱ ከወንድሜ ጋር በጀልባ፣ ወፎቹ ጎጆ ወደሠሩባቸው፣ ውኃ ውስጥ ቆመው ወደ ደረቁት ዛፎች ሄድን። እሱ በዱላ፣ እኔ በመቅዘፊያ ጫጩቶቹን ጨፈጨፍናቸው። አንገታቸው እንደ ጭራሮ ቀጭ ይል ነበር። ደሙ እስከ ክርኔ ደረሰ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ጫጩቶቹ ግን ሲደነግጡ የበሉትን ያስመልሳሉ። ጀልባችን ውስጥ የወደቀው ሁሉ ከጣቴ የማይበልጥ፣ በመረባችን ቀዳዳ ሾልኮ የሚያልፍ ዓሣ ነበር። ወንድሜም አየው። «ዝም በይ» አለኝና መምታቱን ቀጠለ።

እልቂቱን የሰሙት ቄስ በሚቀጥለው እሑድ መስቀላቸውን አውጥተው፣ «ወፎቹ የሚበሉትን አይቶ የደበቀ ውግዝ ይሁን» አሉ። በእኛ አገር ከግዝት በኋላ ዝም አይባልም። ተነሥቼ፣ «የሚበሉት የጣት ያህል ዓሣ ነው፤ የእኛን አልነኩም» አልኩ። ወንድሜ በሰው ፊት በዚያው ዱላ አፌን መታኝ። የፊት ጥርሴ መሬት ወደቀ። አንሥቼ ኪሴ ከተትኩትና፣ «አሁንም ዓሣው ከጣት አይበልጥም» አልኩ።